በሥነ ልቦና ሕክምና በግል ግብ ለውጥን መለካት ምንድን ነው?

በድብርት ምክንያት ሕክምና የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ መጠይቅ ይሰጠዋል። ከእነዚህ መጠይቆች በጣም የታወቀው ፒኤችኪው-9 ነው። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ድካም፣ ስለ ተስፋ መቁረጥና ስለመሳሰሉት ዘጠኝ ጥያቄዎች ያቀርብና ከ0 እስከ 27 የሚደርስ ነጥብ ያወጣል። ነጥቡ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ሰውየውን ወደ ሕክምና ያመጣው ጉዳይ ከዘጠኙ በአንዱም ላይጠየቅ ይችላል። ምናልባት የመጣው ከወንድሙ ጋር ለዓመታት ተኳርፎ መኖር ስላንገበገበው ነው። ደፍሮ በደወለበት ሳምንት እንቅልፉ ይረበሽ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሕይወቱ ትልቁ እርምጃ በመጠይቁ ላይ «ብሶበታል» ተብሎ ይነበባል።

በግል ግብ ለውጥን መለካት ይህን ክፍተት የሚሞላ አሠራር ነው። ታካሚው ከሕክምናው የሚፈልገውን በራሱ አነጋገር ይናገራል፤ ከባለሙያው ጋር ሆኖ ግልጽ ያደርገዋል፤ ከዚያም በየጊዜው ወደ ግቡ ምን ያህል እንደቀረበ በቁጥር ይመዝናል። መጠይቁ ሰውን በብዙ ሰዎች መካከል ያስቀምጠዋል። ግቡ ግን የሚያነጻጽረው ከራሱ ከትናንቱ ጋር ብቻ ነው።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቶማስ ኪረሱክና ሮበርት ሸርማን የተባሉ አሜሪካውያን የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና አገልግሎቶችን ለመገምገም አምስት ደረጃ ያለው የግብ ስኬት መለኪያ አቀረቡ። 0 የሚጠበቀው ውጤት ነው፤ +1 እና +2 ከተጠበቀው በላይ፣ -1 እና -2 ደግሞ ከተጠበቀው በታች ናቸው። ከፍርሃት የተነሣ ብቻዋን ከቤት መውጣት የተሳናትን ሴት እናስብ። -2 ከደጃፍ አለመውጣት ይሆናል፤ -1 እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ሄዶ መመለስ፤ 0 በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻዋን መሳፈር፤ +1 ሦስት ጊዜ፤ +2 በየቀኑ በአውቶቡስ ወደ ሥራ መሄድ። ቁልፉ ነገር እነዚህ ደረጃዎች አስቀድመው በጽሑፍ መስፈራቸው ነው። ከሦስት ወር በኋላ «ተሻለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ በዕለቱ ስሜቷ ብቻ አትመልስም፤ እሷም ባለሙያውም የሚያነቡት ነገር ከፊታቸው አለ። ግቦቹ ብዙ ሲሆኑ በአንድ ቀመር ይጠቃለላሉ፤ ሁሉም በተጠበቀው ልክ ከተሳኩ ውጤቱ 50 ይሆናል።

አምስት ደረጃዎችን ለእያንዳንዱ ግብ መጻፍ ግን ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ቀለል ያሉ መንገዶች መጡ። በእንግሊዝ የልጆችና የወጣቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያው ዳንከን ሎው ያዘጋጀው መለኪያ እስከ ሦስት ግቦችን ይመዘግብና እያንዳንዱን ከ0 እስከ 10 ያስመዝናል። 0 ምንም አለመጀመር ነው፤ 10 ሙሉ በሙሉ መድረስ።

የዚህ አሠራር ጥቅም ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየኝ በልጆች ሕክምና ላይ ነው። ወላጅ «ትምህርት ቤት መሄድ ይጀምርልኝ» ይላል። ልጁ ቢጠየቅ የሚለው ሌላ ነው፦ «በእረፍት ሰዓት አብሮኝ የሚቀመጥ አንድ ሰው ባገኝ።» ግቡን ማን እንደሚናገር ካልተጠየቀ ሕክምናው በዝምታ የወላጅ ይሆናል፤ ልጁም እየመጣ የማይገኝ ታካሚ ይሆናል። ሁለቱም ግቦች ተጽፈው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንዱ ለሌላው መንገድ መሆኑን ራሳቸው ያዩታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤድዋርድ ቦርዲን እ.ኤ.አ. በ1979 በታካሚና በባለሙያ መካከል ያለውን ትብብር በሦስት ነገሮች ሲተነትን በግብ መስማማትን ከሦስቱ አንዱ ያደረገው በከንቱ አይደለም፤ ሌሎቹ ሁለቱ በሥራው መስማማትና መተሳሰር ናቸው። እንግዲህ ግብን መነጋገር ከሕክምናው በፊት የሚሞላ ፎርም ሳይሆን ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። «ደስተኛ መሆን እፈልጋለሁ» የሚል ግብ አይለካም፤ «ደስተኛ ብትሆን ሰኞ ጠዋት ምን ታደርግ ነበር?» የሚል ጥያቄ ያስፈልገዋል። «መጨነቅ ማቆም» የሚለውም ጭንቀቱ ባይኖር ሊሠራ ወደሚፈልገው ነገር ቢለወጥ ይሻላል። በከባድ ሐዘን ወይም በአደጋ ላይ ያለን ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን ግብ አውጣ ማለት ጭካኔ ነው፤ መጀመሪያ ይደመጥ። የባሰው ስሕተት ደግሞ ነጥቡን ባለሙያዎችን ለማወዳደሪያ ማዋል ነው። እንዲያ ከሆነ ሁሉም የሚጽፈው በቀላሉ የሚደረስ ግብ ይሆናል። ለሰዎች ንጽጽር የተሠራው መጠይቅ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ቢሠራባቸው መልካም ነው።

ነጥብ ሲወርድም መደንገጥ አያስፈልግም። ከ6 ወደ 3 የወረደ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ የሚፈልገው ነገር ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ገና ገብቶትም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነውና መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ግቡ ራሱ ሊቀየርም ይችላል። «ትዳሬን ማዳን» ብላ የጀመረች ሴት ከወራት በኋላ «ያለ ፍርሃት ብቻዬን መኖር» ልትል ትችላለች። ያን ጊዜ አሮጌው ግብ አይፋቅም፤ ቀኑና የመጨረሻ ነጥቡ ተጽፎበት ይቀመጣል፤ አዲሱም ከሥሩ ተጽፎ የራሱ መነሻ ነጥብ ይሰጠዋል።