በጣና ሐይቅ ለሚሠሩ አነስተኛ የናፍጣ ጀልባዎች የፕሮፔለር አመራረጥ

በጣና ሐይቅ ላይ ሰውና ጭነት የሚያመላልሱት የብረት ጀልባዎች ብዙዎቹ ሞተራቸው በሆዳቸው የተተከለ፣ በናፍጣ የሚሠሩና ውኃውን እየገፉ በዝግታ የሚጓዙ ናቸው። እንዲህ ላለው ጀልባ የሚስማማውን ፕሮፔለር፣ ማለትም በውኃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ መሣሪያ፣ መምረጥ ከሞተሩ ግዢ የማይተናነስ ጉዳይ ነው። የአምራቾች የመጠን ሠንጠረዦች የተዘጋጁት ለባሕር ወለል ስለሆነ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ለሚገኘው ጣና እንዳሉ ሊወሰዱ አይችሉም።

የሐይቁ የጥንት መጓጓዣ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው። የወይጦ ማኅበረሰብ የተካነበት ይህ ጥበብ ዛሬም አልጠፋም። የጎርጎራ ወደብ በጣሊያን ወረራ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ በባሕር ዳር፣ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላ፣ በደልጊና በጎርጎራ መካከል ያለው መስመር የሞተር ጀልባ መስመር ሆኗል።

ውኃ ገፍቶ የሚሄድ ጀልባ የራሱ የፍጥነት ጣሪያ አለው። ጣሪያውን የሚወስነው ውኃውን የሚነካው የጀልባው ርዝመት ነው፤ የርዝመቱ ስኩዌር ሩት በ4.5 ሲባዛ ፍጥነቱን በሰዓት በኪሎ ሜትር ይሰጣል። 9 ሜትር ርዝመት ላለው ጀልባ ይህ 13.5 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ በላይ የሚጨመር የፈረስ ጉልበት ማዕበል ከማንሣትና ናፍጣ ከመፍጀት ያለፈ ጥቅም የለውም። ለዚህ ዓይነቱ ጀልባ የሚያዋጣው ዲያሜትሩ ሰፊ የሆነና በዝግታ የሚዞር ፕሮፔለር ነው፤ ለዚያም ካምቢዮው የሞተሩን ዙር በሁለት ወይም በሦስት እጥፍ ይቀንሳል።

የፕሮፔለር መጠን በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል። «20 በ12» ከተባለ የመጀመሪያው ዲያሜትር፣ ሁለተኛው ፒች ሲሆን ሁለቱም በኢንች ነው። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ብሎን ሳይሸሽ ቢሄድ በአንድ ዙር ወደፊት የሚጓዘው ርቀት ነው። ውኃ ግን እንጨት አይደለምና ይሸሻል። ሞተሩ በደቂቃ 2,600 ዙር፣ ካምቢዮው 2.5 ለ1 ቢሆን ፕሮፔለሩ የተገጠመበት ዘንግ 1,040 ዙር ይዞራል። ፒቹ 12 ኢንች ከሆነ የስሌቱ ፍጥነት በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ 40 በመቶው ቢሸሽ ከ11 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ፍጥነት ይቀራል። ጭነት ለሚይዝ ዘገምተኛ ጀልባ ይህ ሽሽት የተለመደ ነው።

የጣና ልዩ ጉዳይ ከፍታው ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል፤ ምክንያቱም አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በባሕር ዳር ወደብ ኪሳራው ከ15 እስከ 18 በመቶ ይደርሳል። በሰነዱ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር እዚህ የሚሰጠው 33 ያህል ነው። ፕሮፔለሩ ግን ይህን አያውቅም። ለ40 ፈረስ ጉልበት የተመረጠ ፕሮፔለር ሲገጠምለት ሞተሩ 2,600 ዙር መድረስ አቅቶት 2,400 አካባቢ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ናፍጣው በሚገባ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የጭስ ማውጫው ይግላል፤ የፒስተንና የቫልቭ ዕድሜም ያጥራል። ብዙ ጊዜ በናፍጣ ፖምፓው ላይ የሚላከከው ጥፋት የፕሮፔለሩ ነው። ፖምፓውን ከፍቶ ናፍጣ መጨመር ጭሱን ከማብዛት በቀር አንዳች አይፈይድም።

መፍትሔው ፒቹን መቀነስ ነው። አንድ ኢንች ፒች መቀነስ የሞተሩን ዙር ከ150 እስከ 200 ገደማ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ሠንጠረዡ 20 በ13 ካለ ለጣና 20 በ12 ይሻላል። ዲያሜትር መቀነስም ይቻላል፤ የአንድ ኢንች ዲያሜትር ሸክም ከሁለት እስከ ሦስት ኢንች ፒች ጋር ስለሚመጣጠን ግን እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል። ቱርቦ ያለው ሞተር ከከፍታ የሚደርስበት ጉዳት ያነሰ ነው። የጣና ውኃ ጨው አልባ በመሆኑ ከባሕር ውኃ በ2.5 በመቶ ያህል ይቀልላል፤ ይህም የፕሮፔለሩን ሸክም ጥቂት ያቃልላል፣ የአየሩን እጥረት ግን አያካክስም።

የምርጫው ትክክለኛነት የሚረጋገጠው በሙከራ ነው። ጀልባው እንደ ሥራ ቀኑ ተጭኖ፣ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ፣ ጥልቀት ባለው ቦታ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ይሰጠዋል። ሞተሩ አምራቹ የወሰነለትን ከፍተኛ ዙር ከነካ ፕሮፔለሩ ልክ ነው። ሳይደርስበት ከቀረ ከብዶታል፤ በቀላሉ አልፎት ከሄደ ቀሎታል። ባዶ ጀልባ መፈተን ያሳስታል፤ ከዘጌ ቡና፣ እንጨትና ሰው ጭኖ የሚመለሰው ጀልባ ሌላ ጀልባ ነው።

በክንፍ ቁጥር ረገድ ባለሦስት ክንፉ ለብዙ ጀልባዎች በቂ ነው። አራት ክንፍ ንዝረት እንደሚቀንስ ይነገራል፤ የጀልባው ሆድ ዝቅ ብሎ ለሰፊ ዲያሜትር ቦታ ካልሰጠም አማራጭ ይሆናል። በክንፉ ጫፍና በጀልባው ሆድ መካከል ቢያንስ ከዲያሜትሩ ከ10 እስከ 15 በመቶ ክፍተት መቅረት አለበት።

የሐይቁ ጥልቀት ከፍተኛው 14 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዳርቻው በብዙ ቦታ ጥልቀት የሌለው ጭቃና ድንጋይ ነው። ውኃው በመስከረም ይሞላል፣ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጨራ ጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ የውኃው መጠን በሰው እጅም ይወሰናል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ የትላልቅ ጀልባዎች ጉዞ ለወራት ተስተጓጉሏል። ስለዚህ ዲያሜትር የሚመረጠው በሰኔ ውኃ እንጂ በመስከረሙ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በሰሜኑ ዳርቻ የታየው እምቦጭ የተባለ የውኃ አረም ሌላ ጣጣ አምጥቷል፤ ሥሩ ከዓሣ መረብ ጋር ሆኖ በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ጫፋቸው ወደኋላ የተቀለበሰ ክንፎች አረም ይለቅቃሉ። ቀጥ ያለ ክንፍ ያለው ጀልባ ጉዞውን አቁሞ ፕሮፔለሩን ወደኋላ በማዞር አረሙን ያራግፋል፤ ይህ ካልሆነ ጠላቂ ያስፈልገዋል።

ነሐስ ተመራጭ ነው፤ ድንጋይ ሲመታ ስለሚታጠፍ ተቃንቶ፣ ተበይዶ፣ ሚዛኑ ተስተካክሎ እንደገና ይሠራል። አሉሚኒየም ርካሽ ቢሆንም ይሰበራል። ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ ባለሙያ አታጣም፤ በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ለዘንግ፣ ለኩሽኔታና ለቶርኖ ሥራ የበቁ ሰዎችን አፍርቷል፤ የእጃቸው ሥራም የተመሰከረለት ነው። ያም ሆኖ የተቃና ፕሮፔለር ሦስቱም ክንፎቹ አንድ ዓይነት ፒች መያዛቸው ሳይለካ ሊገጠም አይገባም። በክንፎቹ መካከል ያለ የፒች ልዩነት ዘንጉን ያንቀጠቅጣል፣ ኩሽኔታውን ይበላል፣ ከጊዜ በኋላም ውኃ በዘንጉ ማለፊያ በኩል ወደ ጀልባው እንዲገባ ያደርጋል።