የሞል ስሌት እና የጅማ ቡና

ሞል የአቶሞች፣ የሞለኪውሎችና የሌሎች ጥቃቅን ቅንጣቶች መቁጠሪያ አሃድ ነው። 1 ሞል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣት ይይዛል፤ ለክፍል ሥራ 6.02 × 10²³ ይበቃል። ጅማ ገበያ ቡና በኪሎ እንጂ ፍሬው ተቆጥሮ አይሸጥም። አቶምም እንዲሁ ነው። ይመዘናል፣ ብዛቱ በስሌት ይገኛል።

ቁጥሩ የተሰየመው በጣሊያናዊው አሜዴዮ አቮጋድሮ ነው፤ እሱ ግን አላሰላውም። ኦስትሪያዊው ሳይንቲስት ሎሽሚት በ1865 ገመተ፣ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፔረን በ1909 ስሙን ሰጠው። ሞል በ1971 ከመሠረታዊ አሃዶች ተርታ ገባ፣ የዛሬውን ትርጉሙን በ2019 አገኘ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.)።

ለማሳያ የውሃና የግሉኮስ ምሳሌ በየመጽሐፉ ሞልቷል። ለጅማ ሰው ግን ከካፌይን የሚቀርብ ውህድ የለም። የአረቢካ ጥሬ ቡና ከደረቅ ክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማው ካፌይን ነው። ስለዚህ 162 ግራም ቡና 1.94 ግራም ያህል ካፌይን ይኖረዋል። አንዱ ሞለኪውል 8 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጂን፣ 4 ናይትሮጂንና 2 ኦክስጅን አለው። በድምሩ 24 አቶም ነው።

የእያንዳንዱ አቶማዊ ክብደት በብዛቱ ተባዝቶ ይደመራል፦ 96.08 + 10.08 + 56.04 + 32.00 = 194.20። የ1 ሞል ካፌይን ክብደት 194.20 ግራም ነው ማለት ነው። 1.94 ለ194.20 ሲካፈል 0.01 ሞል ገደማ ይሆናል። በአቮጋድሮ ቁጥር ሲባዛ 6.02 × 10²¹ ሞለኪውል ይመጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ "አለቀ" ብሎ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። የተጠየቀው አቶም ከሆነ ግን ገና ነው፤ በ24 ተባዝቶ 1.44 × 10²³ ገደማ ይደርሳል። ናይትሮጂኑ ብቻ ከተፈለገ በ4 ይባዛል፣ መልሱም 2.41 × 10²² ነው።

ጅማ የቡናም የትምህርትም ከተማ ናት። የእርሻ ትምህርት ቤቷ በ1952 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ኋላ ኮሌጅ ሆኖ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር በ1999 እ.ኤ.አ. ሲዋሃድ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተወለደ። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘው የመልኮ ምርምር ማዕከል ደግሞ የአገሪቱን የቡና ምርምር ያስተባብራል።

በ2004 እ.ኤ.አ. የብራዚል ተመራማሪዎች ካፌይኑ እጅግ ያነሰ የአረቢካ ተክል ማግኘታቸውን አሳወቁ። ዘሩ የወጣበት መንገድ በወቅቱ አነጋግሯል፤ መነሻው ኢትዮጵያ መሆኑ ግን አያከራክርም። በእነዚህ ተክሎች በካፌይን ፈንታ የሚከማቸው ቴኦብሮሚን የተባለ ውህድ ነው። ቴኦብሮሚን 7 ካርቦን፣ 8 ሃይድሮጂን፣ 4 ናይትሮጂንና 2 ኦክስጅን አለው፤ ከካፌይን በ1 ካርቦንና በ2 ሃይድሮጂን ያንሳል። ስለዚህ 0.01 ሞሉ 1.80 ግራም ይመዝናል፣ የአቶሞቹ ብዛትም በ24 ሳይሆን በ21 ተባዝቶ 1.26 × 10²³ ይሆናል።