ቱሊፕና ወይን አንድ ቀን አይገናኙም

በ1700ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ሆላንድ ውስጥ የተሳሉ የአበባ ሥዕሎችን አይታችሁ ይሆናል። ከማስቀመጫው የሚትረፈረፍ አበባ፣ ቅጠል ላይ የቆመ የውሃ ጠብታ፣ አንዲት ዝንብ። ስለነሱ የሚወራው ግን ሁሉም ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሠዓሊው እቅፍ አበባ ፊቱ አስቀምጦ ነው የሳለው»

አይደለም። ቱሊፕ የሚባለው አበባ በሚያዝያ ያብባል፤ ወይን የሚበስለው በመስከረም ነው። ሥዕሉ ላይ ግን ጎን ለጎን ናቸው። የአምስተርዳሙ ሠዓሊ ያን ቫን ሃይሰም አበባው በየወቅቱ እስኪደርስለት ይጠብቅ ነበር። ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው አንዱ ሥዕሉ 1736 እና 1737 የሚሉ ሁለት ዓመቶች አሉት። በ1742 ደግሞ ሥዕል ላዘዘው ጀርመናዊ መስፍን ወኪል ደብዳቤ ጻፈ፦ ቢጫ ጽጌረዳ ስላጣሁ እስከሚቀጥለው ዓመት አልጨርስም። ዛሬ ቢሆን ከዝዋይ በአውሮፕላን ይደርስለት ነበር!

«ዝንቧ የሞት ምልክት ናት»

አንዳንዴ። ብዙ ጊዜ ግን ሠዓሊው ችሎታውን እያሳየ ነው። ገዢው እውነተኛ መስላው «እሽ!» ሊላት እጁን ቢያነሳ ደስታው ነው።

«የሴቶች ጊዜ ማሳለፊያ ነበር»

ይቺን ለሆላንዳዊቷ የአበባ ሠዓሊ ለራሄል ራይስ ንገሯት። አሥር ልጆች ወልዳለች። ከ1708 ጀምሮ ጀርመን፣ ዱሰልዶርፍ ላለ ቤተ መንግሥት ሠርታለች። አንዱ ሥዕሏ ከ750 እስከ 1,200 ጊልደር (የያኔው የሆላንድ ገንዘብ) ያወጣ ነበር፤ ታዋቂው ሠዓሊ ሬምብራንት እንኳ በሕይወቱ ከ500 በላይ ያገኘው ከስንት አንዴ ነው። ስታረጅ ከፊርማዋ አጠገብ ዕድሜዋን ትጽፍ ጀመር። 83 የሚል አለ። ኩራቷ ደስ ይላል።

«ቅጠሎቹ ሆን ተብለው ነው ሰማያዊ የሆኑት»

ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሆላንዳዊቷ ሠዓሊ የማርጋሬታ ሃቨርማን የ1716 ሥዕል አለ። አበቦቹን ለቀቅ አድርጋችሁ ቅጠሎቹን እዩ፤ የሰማያዊ ጥላ ጥሎባቸዋል። ሲሳሉ አረንጓዴ ነበሩ። ያኔ ገና አዲስ የነበረውን ፕሩሲያን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ከቢጫ ጋር ደባልቃ ነበር የቀባችው። ቢጫውን ብርሃን በላው፣ ሰማያዊው ቀረ።

የፓሪስ የሥዕል አካዳሚ ይህችን ሴት በ1722 አባል አድርጎ ተቀበላት። በዓመቱ አባረራት። «ያቀረብሽው ሥዕል የመምህርሽ የቫን ሃይሰም ነው» ተባለች። እንዳናመሳክር ደግሞ ያ ሥዕል የደረሰበት አይታወቅም።