«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ የሰው ልጅ ቢያብርስ ምድርን ያንቀሳቅሳል?

ደካሞች ከተባበሩ ብርቱውን ይረታሉ ለማለት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ምሳሌው የተወሰደው ለብቻው በጣት ሲነካ ከሚበጠስ፣ ተደርቦ ሲገመድ ግን ከሚጠነክር ቀጭን ክር ነው። አባባሉ በዝምታ ያለፈው አንድ ነገር አለ፤ ገመዱ አንበሳውን ከቦታው እንዳይነቃነቅ የሚይዘው ሌላው ጫፍ ግንድ ላይ ሲታሰር ነው። ሁለቱም ጫፎች አንበሳው ላይ ከሆኑ ገመዱን ይዞት ይሄዳል።

የሰው ዘር በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ እኩል ቢዘልስ? 8 ቢሊዮን ሰው፣ አንዱ በአማካይ 60 ኪሎ ቢመዝን፣ 480 ሚሊዮን ቶን ይሆናል። ምድር ከዚህ 12 ትሪሊዮን ጊዜ ገደማ ትከብዳለች። ሁሉም 30 ሳንቲሜትር ቢዘሉ ምድር ወደ ታች የምትገፋው የአንዲት ሃይድሮጅን አቶም ስፋት ለ4,000 ቢከፈል አንዱን እጅ ያህል ነው። እሱም አይቆይም፤ ሰዎቹ ሲወድቁ ምድርም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ዘላዮቹ የታሰሩት በራሷ በምድር ስበት ነውና ውጭ ያለ ግንድ የላቸውም። በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበትን መንገድ ለመለወጥ ወይ ከውጭ የሚገፋ ነገር፣ ወይ በሰከንድ ከ11.2 ኪሎሜትር በላይ ተወርውሮ የማይመለስ ክብደት ያስፈልጋል።

ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ መሽከርከሯ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ክብደትን ከቦታ ቦታ ማዛወር ብቻ ይበቃል። ክብደቱ ከዛቢያው ሲርቅ መሽከርከሩ ይዘገያል፣ ሲቀርብ ይፈጥናል። የቻይናው ስሪ ጎርጅስ ግድብ 39 ኪዩቢክ ኪሎሜትር ውኃ ከባሕር ወለል 175 ሜትር ከፍታ ድረስ ሲይዝ፣ በናሳ ሊቃውንት ስሌት ቀኑን በ0.06 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ያረዝማል፤ የዋልታውን፣ ማለትም ዛቢያው የምድርን ገጽ የሚነካበትን ነጥብ፣ ቦታም 2 ሳንቲሜትር ያህል ያዛውራል። ከጉድጓድ የሚቀዳው ውኃ ደግሞ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2010 ከከርሰ ምድር ወጥቶ በመጨረሻ ባሕር የገባው 2,150 ቢሊዮን ቶን ገደማ ውኃ ዋልታውን ወደ 80 ሳንቲሜትር ወደ ምሥራቅ እንዳዘነበለው ተሰልቷል። ብዙው የተቀዳው ከምዕራብ ሰሜን አሜሪካና ከሰሜን ምዕራብ ሕንድ ነው፤ ቦታውም ለውጥ ያመጣል፣ ከምድር ወገብና ከዋልታ መካከል ካለ ቦታ የሚነሳ ክብደት ዋልታውን ይበልጥ ያዘነብላልና።

ከግሪንላንድና ከአንታርክቲካ የሚቀልጠው በረዶም ውኃውን ከዋልታው አጠገብ ወደ ምድር ወገብ ይልካል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ይህ በየመቶ ዓመቱ 1.33 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) በሚሆን ፍጥነት ቀኑን እያረዘመው ነው፤ የጨረቃ ስበት የሚያመጣው በየመቶ ዓመቱ 2.4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የጠፈር መንኮራኩርን የሚመሩ ባለሙያዎች የምድርን መዞር ዘወትር እየለኩ ይህንን በስሌታቸው ያስገባሉ።