አዲስ አበባ ላይ የግሪነሪ ሥራ፦ ስለ ብርዱ፣ ስለ ክረምቱና ስለ ሣሩ የምንሳሳተው

ሥራዬ የሰው ግቢ ማሳመር ነው። ካዛንቺስ፣ ቀበና፣ ስድስት ኪሎ፣ አንዳንዴ ፒያሳ አካባቢ ካሉ አሮጌ ግቢዎች አልጠፋም። ሣር እተክላለሁ፣ አጥር እከረክማለሁ፣ የሞተ ተክል ነቅዬ ሌላ እተካለሁ። ዶማው አያደክመኝም። የሚያደክመኝ ተመሳሳይ የተሳሳተ ነገር ደጋግሞ መስማት ነው፤ በዚያ ስህተት ምክንያት ስንት ገንዘብና ስንት ችግኝ እንደሚባክን አያለሁና። አንዳንዱን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ።

«እኛ አገር ፀሐይ ሞልቷል፤ የተከሉት ሁሉ ይበቅላል»

ይህን የሚሉኝ ብዙ ጊዜ ከሐዋሳ ወይም ከአዳማ የተመለሱ ደንበኞች ናቸው። እዚያ አንድ የሚያምር ተክል ያያሉ፣ ይገዛሉ፣ መኪናቸው ላይ ጭነው ይመጣሉ። ሁለት ወር ሳይሞላው ቅጠሉ ይጠወልጋል። ችግኙ ምንም አልጎደለበትም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሐዋሳ 1,700 አካባቢ። የአዲስ አበባ መሃል ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ያ ችግኝ ባንድ ቀን ጉዞ አራት ዲግሪ ያህል ወደሚቀዘቅዝ አገር ተሰደደ ማለት ነው። ቀን ላይ ፀሐይዋ ታታልላለች። ተክሉን የሚጎዳው ሌሊቱ ነው።

እኔ ችግኝ የምገዛው እዚሁ ከተማ ካደገበት ጣቢያ ነው። ትንሽ ይወደዳል፤ ግን ይጸድቃል።

«ብርድ የሚፈራው ክረምት ላይ ነው»

ከሁሉም በላይ ኪሳራ የሚያመጣው ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ክረምት ላይ የሚበርደን ስለምንረጥብና ፀሐይ ስለማናይ ነው። ሐምሌ ላይ ቀኑ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፣ ሌሊቱ ግን ብዙም አይወርድም። ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት እንዳታመልጥ ይሸፍናታል። መስከረም አልቆ ሰማዩ ሲጠራ ያ ብርድ ልብስ ይነሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ደስ የሚል ፀሐይ ነው፣ ሌሊቱ ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ በጣም ይወርዳል። ቅጠል ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል። ቴርሞሜትሩ ሦስት ወይም አራት ዲግሪ እያሳየ ሣሩ ላይ ውርጭ ሊኖር ይችላል።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ግንፍሌ ወንዝ ዳር ዝቅ ያለ ግቢ ሠራሁ። መስከረም ላይ ቅጠላቸው ቀይና ሐምራዊ የሆነ ለስላሳ ተክሎች በሰፊው ተከልኩ። ጥቅምትን በሙሉ ግቢው ሥዕል ይመስል ነበር። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማለዳ ላይ የቤቱ እመቤት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አበባውን ማን የፈላ ውሃ ደፋበት?» አሉኝ። ሄጄ ሳየው እውነትም የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ውርጭ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርድና ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። ከላይ መንገዱ ዳር ያለው ጎረቤት ግቢ ግን ምንም አልሆነም። ተክሉን በራሴ ወጪ ቀየርኩላቸው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ግቢ ስገባ መጀመሪያ የማየው ቁልቁለቱ ወዴት እንደሆነ ነው። ዝቅ ባለው በኩል ወይራ፣ ጽድና ጠንካራ ቁጥቋጦ አደርጋለሁ፤ ለስላሳውን ከግድግዳ ጥግ፣ ቢቻል ድንጋይ ግንብ አጠገብ። ግንቡ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልሳል። ኅዳር ላይ አፈሩ ደርቆ እንዳያድር አደርጋለሁ፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። በጣም በሚበርድ ሰሞን ማታ በአሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ወይም በጨርቅ እሸፍናለሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ አነሳለሁ። ላስቲክ ግን ቅጠሉን ከነካ ራሱ ያቃጥለዋል። ውርጭ የመታውን ቅርንጫፍ ደግሞ ወዲያው አልቆርጥም። የሞተው ቅጠል ለታችኛው ልብስ ይሆነዋል። ብርዱ አልፎ፣ የካቲት ላይ አዲስ እንቡጥ ሲያወጣ እከረክመዋለሁ።

«ክረምት የሥራ መዝጊያ ነው»

የአክስቴ ልጅ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው፤ እዚያ በዚሁ ሥራ ተቀጥሮ ሠርቷል። ስልክ ላይ «ክረምት ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ ለረጅም ጊዜ ሳንግባባ ኖርን። ትምህርት ቤት ዊንተር ማለት ክረምት ነው ተብለን ስለተማርን ነው። የእነሱ ዊንተር መሬቱ በብርድ እንደ ድንጋይ የሚጠጥርበት፣ ዶማ የማይገባበት ወቅት ነው። የሣር ሥራው ይቆምና ድርጅቶቹ ፒክአፕ መኪና ላይ መጥረጊያ ገጥመው በረዶ ይጠርጋሉ፣ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ። ሠራተኛ እንዳይበተን የሚያደርገው የበረዶ ጠረጋ ውል ነው። የእኛ ክረምት ሌላ ነው። እኛ ጋ መሬት አይጠጥርም፤ ይጨቀያል እንጂ።

ለኔ ከሰኔ እስከ መስከረም ከባዱ የሥራ ወቅት ነው። በበጋ በወር አንዴ የማጭደው ሣር በየሳምንቱ ይጠራኛል። አረሙ አለ፤ የውሃ መውረጃው በቅጠል ይደፈናል። ጥቁር አፈር ያለበት ግቢ ውሃውን አይለቅም፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ድንገት የሚወርደው በረዶ ደግሞ የሰፋፊ ቅጠሉን ሁሉ ይበሳዋል። «ዝናቡ ያጠጣልናል፣ እስከ መስከረም አትምጣ» ያሉኝ ደንበኞች ግቢ መስከረም ላይ ያገኘሁት አደይ አበባ ሳይሆን ጉልበት የሚደርስ አረም ነበር።

ተከላም ሐምሌ ላይ ስለሆነ ሰው ሥራው ሐምሌ ያለቀ ይመስለዋል። ችግኙ የሚሞተው ግን ጥርና የካቲት ላይ ነው፤ ማንም በማያስታውሰው ጊዜ። ስለዚህ ውል ስዋዋል ቢያንስ ለአንድ ዓመት እላለሁ። ተክሎ መሄድ የሚፈልግ ሌላ ሰው ይፈልግ። ክፍያውንም በ12 ወር አካፍለዋለሁ፤ ሐምሌ ላይ ስለበዛ አይጨምርም፣ ጥር ላይ ስላነሰ አይቀንስም። አብረውኝ የሚሠሩት ሦስት ልጆችም ጥር ላይ ደመወዝ ያስፈልጋቸዋል።

«ሣር ይሁን፤ ርካሽና ቀላል ነው»

የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳንና አራት ኪሎን አረንጓዴ ሲያለብስ ይህ ጥያቄ በጣም በዛ። «ልክ እንደ መንገዱ» ይሉኛል። የመንገዱን ሣር ግን ሠራተኛ በጎማ ያጠጣዋል። የእርስዎን ማን ያጠጣዋል?

ሒሳቡን ወረቀት ላይ አሳያቸዋለሁ። በበጋ ፀሐይ ከሣሩ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢተን፣ ያ ማለት በአንድ ካሬ 4 ሊትር ነው። ግቢው 100 ካሬ ሣር ካለው በቀን 400 ሊትር። 2,000 ሊትር የሚይዘው ሮቶ በአምስት ቀን ባዶ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የማይሆን ነገር ነው። የምመክረው ሣሩን ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ብቻ አድርጎ፣ ሌላውን በቁጥቋጦ፣ በጠጠርና በድንጋይ መሙላት ነው። ሰርዶ ኅዳር ላይ ቢነጣ ደግሞ አልሞተም፤ በርዶት ነው። ዩሪያ እየደፋችሁ አታስጨንቁት።

«አገር በቀል ዛፍ ለጫካ ነው፤ ለግቢ አያምርም»

የሚገርመው፣ ብዙ ሰው አገር በቀል የሚለው ባሕር ዛፍን ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ጃካራንዳም የደቡብ አሜሪካ ነው። ኮሶ፣ ወይራና ጽድ ግን ይህን ብርድ ከኛ በፊት የሚያውቁት ናቸው። ወይራ እየተከረከመ ጥሩ አጥር ይሆናል። ቀጋ የራሳችን የዱር ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባው ሲወጣ ያየ ሰው አያምርም አይልም።

«ፍግ በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው»

ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ወራት ተከምሮ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ አፈር ከመሰለ በኋላ ነው የሚገባው።

«አፈር አፈር ነው»

መሃል ከተማ ላይ ይህ እውነት አይደለም። አዲስ የተሠራ ቤት ግቢ ከላይ አፈር ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የግንባታ ትርፍ ነው። ሲሚንቶው አፈሩን ይለውጠዋል፤ ብዙ ተክል ቢጫ የሚሆነው በዚህ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመናገሬ በፊት ዶማ ይዤ ሁለት ሦስት ቦታ ክንድ ያህል እቆፍራለሁ። ባለፈው ሰኔ ካዛንቺስ አንድ ጋሼ ለመቶ ካሬ ሣር ዋጋ ጠየቁኝ። ቆፍሬ ያወጣሁት የተሰበረ ሴራሚክ፣ የሲሚንቶ ከረጢትና ፌሮ ነበር። ጋሼ ዝም ብለው አዩትና «እንግዲህ መጀመሪያ ይሄ ይውጣ» አሉ። ሁለት ሲኖ ትራክ ፍርስራሽ አወጣን፣ አንድ ሲኖ ቀይ አፈር አስገባን። ሣሩን የተከልነው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው።