ኩርሽም የሚል የዶሮ ጥብስ በቤት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ለዘይት ጥብስ እንግዳ አይደሉም። ሳምቡሳና ባጂያ የሚጠብሱ እናቶች የዘይቱን ሙቀት ያለ መለኪያ፣ በዓይን ብቻ ያውቁታል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ቤት ግን የዶሮ ጥብስ ላይ ሲደርስ ይቸገራል፤ የዱቄት ልባሱ ይላቀቃል፣ ሥጋው ይደርቃል ወይም ገና ከመቅረቡ ይልፈሰፈሳል። ችግሩ የሙያ ማነስ ሳይሆን ከቤት ወደ ቤት የሚተላለፉ የተሳሳቱ ምክሮች ናቸው። አብዛኞቹ የሚዘነጉት ውሃን ነው። ዶሮው ኩርሽም የሚለው ከላዩ ያለው ውሃ በትክክል ሲተንና እንፋሎቱ ተመልሶ እንዳያረጥበው ሲደረግ ነው።

«ምስጢሩ ቅመሙ ላይ ነው»

በኮሎኔል ሃርላንድ ሳንደርስ ስም የሚታወቀው የኬንታኪ ዶሮ 11 ቅመሞች አሉት መባሉ ይህን እምነት በዓለም ሁሉ አስፍቶታል። ሰውዬውን ከሌሎች የለየው ግን ቅመሙ ብቻ አልነበረም። በመጥበሻ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅ የነበረውን ዶሮ በግፊት በሚሠራ ድስት፣ በዘይት፣ በአጭር ጊዜ ማብሰል መቻሉ ነው። (ይህን በቤት ፕሬዠር ድስት ለመሞከር ማሰብ እንኳ አይገባም። የቤቱ ድስት የተሠራው ለውሃ እንፋሎት ነው፤ በጋለ ዘይት ሲሞላ ሊፈነዳና ሰው ሊያቃጥል ይችላል።) ቅመም ጣዕም ይሰጣል፣ ቅርፊት ግን አይሠራም።

እኛ ጋር ደግሞ ሌላ ጉዳት ያስከትላል። በርበሬና ሚጥሚጣ ከዱቄቱ ጋር በብዛት ሲቀላቀሉ ሥጋው ሳይበስል እነሱ ያርራሉ፤ ቅርፊቱ ይጠቁራል፣ ይመራልም። በርበሬው ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ከልባሱ ሥር፣ ሥጋው ላይ ይታሽ። ሚጥሚጣው ዶሮው ከዘይት እንደወጣ፣ ትኩስ ሳለ ይነስነስበት። መዓዛው ያን ጊዜ ነው በሙሉ ኃይሉ የሚወጣው።

«ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ካልታጠበ አይነጻም»

ይህን መንካት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለብዙ ቤት የዶሮ እጥበት የሙያ መለኪያ ነው። እቤት የታረደ፣ በፈላ ውሃ ላባው የተነጨ ዶሮ መታጠብ አለበት፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። በየብልቱ ተቆራርጦና ጸድቶ፣ ታሽጎ የተገዛ ዶሮ ግን ሌላ ነው። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉት ተህዋሲያን በውሃም በሎሚም አይጠፉም፤ የሚገድላቸው እሳት ነው። የሥጋው ወፍራም ክፍል እስከ አጥንቱ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ስጋቱ ያበቃል። እጥበቱ ግን ፍንጣሪውን ወደ ገንዳው፣ ወደ ቢላዋው፣ አጠገቡ ወዳለው ሰላጣ ያደርሰዋል።

ሎሚውም ሥጋው ላይ ሰዓታት ከቆየ ላዩን ያነጣዋል፣ ሲጠበስም ያደርቀዋል። ከእጥበቱ ይልቅ ትኩረት የሚያስፈልገው ማድረቁ ነው። እያንዳንዱን ብልት በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወጥ ቤት ሶፍት ተጭኖ ማድረቅ፣ ከዚያ ለአንድ ኪሎ ዶሮ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ማሸት። ጨው መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፤ ቆይቶ ግን ውሃው ጨዉን ይዞ ይመለሳል፣ ሥጋውም እርጥበቱን እንዲይዝ ያግዘዋል።

«ቆዳው መገፈፍ አለበት»

ለዶሮ ወጥ አዎ። ለጥብስ ግን ቆዳው ሥጋውን ከመድረቅ ይጠብቃል፣ ስቡም ሲቀልጥ ቆዳውን ራሱን ኩርሽም ያደርገዋል። ይተዉት።

«ሳይቀቀል ቢጠበስ ጥሬ ይሆናል»

መልሱ በዶሮው ዓይነት ይለያያል። ቀፊራ ወይም ሸዋ በር ገበያ ከነነፍሱ የተገዛ የሐበሻ አውራ ዶሮ ሲሮጥና ሲጭር ያደገ ነው፤ ሥጋው ጣፋጭ ቢሆንም ጅማቱ ጠንካራ ነው። ለዘይቱ ሩብ ሰዓት አይበገርም። እሱን በዝንጅብልና በትንሽ ጨው፣ በዝግታ፣ ሹካ እስኪገባው መቀቀል ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ከተማውም ለውጥ አለው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከ1,800 ሜትር በላይ ባለችው ሐረር ግን በ94 ዲግሪ አካባቢ። ስለዚህ ያው ዶሮ ሐረር ላይ ትንሽ ይዘገያል፤ ጥፋቱ የዶሮውም የምድጃውም አይደለም። ከተቀቀለ በኋላ ብልቶቹ ተዘርግተው ቀዝቅዘው፣ ላያቸው ደርቆ ነው ልባስ የሚቀቡት። እርጥብ ሆነው ከገቡ እንፋሎቱ ልባሱን ከሥር ይገፋውና ይላቀቃል።

የፈረንጅ ዶሮ ግን በጥቂት ሳምንት ዕድሜው የሚታረድ፣ ሥጋው ለስላሳ የሆነ ነው። መቀቀሉ መረቁን ያሳጣዋል እንጂ አይጠቅመውም። ታፋውና እግሩ እንደ መጠናቸው ዘይት ውስጥ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃቸዋል። በረዶ ሆኖ የተገዛ ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፤ ውስጡ በረዶ ይዞ ዘይት የገባ ዶሮ ዘይቱን ያንፈቀፍቃል፣ መሐሉም ጥሬ ይቀራል።

«ልባሱ በወፈረ ቁጥር ይበልጥ ኩርሽም ይላል»

ወፍራም ልባስ ከውጭ ይቀላል፣ ከውስጥ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። የሚፈለገው ስስና ሸካራ ልባስ ነው። ለአንድ ኪሎ ዶሮ 2 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ የበቆሎ ስታርች፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው ይበቃል። የስንዴ ዱቄት ብቻውን ሲሆን ቅርፊቱ ማኘክ ይፈልጋል፤ ስታርቹ በቀላሉ የሚሰበር ያደርገዋል። ቤኪንግ ፓውደሩ ደግሞ ጥቃቅን የአየር ኪሶች ይፈጥራል።

ዶሮው በእርጎ ወይም በአሬራ ተለውሶ ይቆይ። ከዚያ የብዙ ቤት ጥብስ የሚጎድለው ነገር ይመጣል። ከእርጎው ሦስት ማንኪያ ያህል ወስደው ደረቁ ዱቄት ላይ ያንጠባጥቡና በጣትዎ ጫፍ ይሹት፤ ዱቄቱ ትንንሽ ጓል ይሠራል። ብልቱን እዚያ ውስጥ አስገብተው በመዳፍዎ ጠበቅ አድርገው ይጫኑት፣ እየገለበጡም ይድገሙት። ጓሎቹ ቆዳው ላይ ይጣበቃሉ፤ ዘይት ውስጥ ሲገቡም ያ ሸካራ፣ ጫፍ ጫፉ የሚሰባበር ቅርፊት ይሆናሉ። ወዲያው አይጥበሱት። የሽቦ ወንፊት ላይ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ነጭ ሆኖ የሚበን ዱቄት ከላዩ ጠፍቶ፣ ልባሱ ረጠብ ብሎ ሲይዝ ዝግጁ ነው።

መለወሱን በተመለከተ አንድ ነገር በጥብቅ አሳስባለሁ፦ «ሌሊቱን ይደር» የሚለው ምክር የሚሠራው ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ነው። ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ማለትም በድሬ ቀትር፣ ጥሬ ዶሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። መብራት ከጠፋ ግማሽ ሰዓት ለውሶ ወዲያው መጥበስ ይሻላል። ጣዕሙ ትንሽ ቢቀንስም ቤተሰቡ ግን ጤናማ ሆኖ ያድራል።

«ዘይቱ ካልጨሰ አልጋለም»

የሚጨስ ዘይት ከመጠን አልፏል። ወደ 170 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይበቃል። መለኪያ ከሌለ የደረቀ የእንጨት ማማሰያ ጫፍ ይንከሩ፤ ዙሪያውን ጥቃቅን አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ ደርሷል፣ አረፋው በኃይል ከተንፈቀፈቀ በዝቷል። በአንድ ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት ብልት በላይ አይጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ሥጋ ሲበዛ ዘይቱ ይበርድና ልባሱ ዘይት ይጠጣል። በከሰል ምድጃ የሚጠብስ ሰው ፍሙን ወደ ዳር በመግፋት መቆጣጠር ይችላል።

ስለ ዘይት ካነሳን፣ የሚረጋ ዘይት ሁሉ የተበላሸ ወይም የተቀላቀለ አይደለም። የፓልም ዘይት በተፈጥሮው በቅዝቃዜ ይረጋል፤ ሐረር ላይ ማለዳ የረጋው ጀሪካን ድሬዳዋ ሲወርድ ሊቀልጥ ይችላል። ለመጥበስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ስለሆነ ለዕለት ተዕለት ምግብ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት እመርጣለሁ።

«እንዳይቀዘቅዝ ይከደን»

በረመዳን ይህ ስህተት በየቤቱ ይደገማል። ዶሮው አስቀድሞ ይጠበስና እስከ አዛን ድረስ ተደራርቦ፣ ተከድኖ ይቀመጣል። ከራሱ የሚወጣው እንፋሎት ክዳኑ ላይ ጤዛ ይሆንና ተመልሶ ይንጠባጠብበታል፤ ያ ሁሉ ድካም በሩብ ሰዓት ይጠፋል። ሲጠበስም መክደን ተመሳሳይ ጉዳት አለው።

መፍትሔው ሁለት ጊዜ መጥበስ ነው። ከማፍጠሪያው አንድ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ በ160 ዲግሪ አካባቢ በደንብ እስኪበስል ይጠበስና ሳይከደን፣ ሳይደራረብ ወንፊት ላይ ያርፍ። በዚህ ጊዜ ከውስጥ የቀረው እርጥበት ወደ ላይ ይወጣል። ቴምሩና ሾርባው ሲቀርብ ዘይቱን ከፍ አድርጎ፣ ወደ 185 ዲግሪ፣ ለ2 ደቂቃ መመለስ። ውሃው ስለሚያልቅ ቅርፊቱ ከመጀመሪያው የጠነከረ ይሆናል። ለሠርግ ወይም ለብዙ እንግዳ ለሚያዘጋጅም ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

«አጥንቱ አጠገብ ቀይ ከሆነ አልበሰለም»

የግድ አይደለም። በወጣት ዶሮ የአጥንት መቅኔ ቀለም ወደ ሥጋው ሊወጣ ይችላል፣ በስሎም ሳለ። ታፋው ወፍራም ቦታ ላይ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ያለ ከሆነና ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ከተላቀቀ ጥሩ ምልክት ነው። አስተማማኙ ግን ቴርሞሜትር ነው፤ አንድ መግዛት ለሚችል ቤት እመክራለሁ።

«ዘይቱ አንዴ ከጠበሰ ይደፋ» ወይም «እስኪጠቁር ይሠራል»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ተጠልሎ የዱቄቱ አተላ ከወጣለት፣ ጨለማ ቦታም ከተቀመጠ፣ ለጥቂት ጊዜ ያገለግላል። ሲጠቁር፣ ሲያረፋ፣ ሽታው ሲቀየር ወይም ቶሎ መጨስ ሲጀምር ግን ይጣላል፤ ወደ ገንዳ ቱቦ ሳይሆን በጠርሙስ ታሽጎ ከቆሻሻው ጋር።