ለኒውሮሳይኮሎጂ ምርመራ ቀጠሮ መዘጋጀት፦ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላለን ሐበሾች

ኒውሮሳይኮሎጂካል ኢቫሉዌሽን የሚባለው የሰውን ትውስታ፣ ትኩረት፣ ቋንቋ፣ የማቀድ ችሎታና ስሜት በጥያቄና መልስ፣ በወረቀትና እርሳስ፣ በስዕልና በብሎክ አንዳንዴም በኮምፒውተር የሚያይ ረጅም ምርመራ ነው። መርፌ የለውም፣ ደም አይወሰድም፣ ማሽን ውስጥም አይገባም። ብዙ ጊዜ ሪፈር የሚያደርገው ኒውሮሎጂስት ወይም የቤተሰብ ሐኪም ሲሆን ምክንያቱ ስትሮክ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የመርሳት ችግር ጥርጣሬ ሊሆን ይችላል፣ ለልጆች ደግሞ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር)፣ ኦቲዝም ወይም የንባብ ችግር። ኒውሮሳይኮሎጂስቱ በዶክትሬት ደረጃ የሰለጠነ ሳይኮሎጂስት ነው፣ ቴስቱን ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የሚሰጠው ግን ሳይኮሜትሪስት የሚባል ባለሙያ ሊሆን ይችላል። የእብድ ምርመራ አይደለም፣ ይሄን ለእናት ለአባቶቻችን ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ክሊኒኮቹ ከቀጠሮው በፊት ፓኬት ይልካሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን የሚያወራው ስለ መነጽርና ስለ ኢንሹራንስ ካርድ ነው፤ ለኛ ሰው ውጤቱን የሚያዛቡት ነገሮች፣ ማለትም ሰዓት አቆጣጠር፣ ዘመን አቆጣጠር፣ እድሜ፣ ቋንቋና የትምህርት ታሪክ እዛ ላይ በቂ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ዋናው ዝግጅት ጥናት ሳይሆን ቴስቱ ስለኛ የማያውቀውን ይዞ መሄድ ነው።

ሙያው አሁን ያለበትን መልክ የያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዋርድ ሃልስቴድ በ1935 ቺካጎ ላብራቶሪ ከፈተ፣ ዴቪድ ዌክስለር በ1939 ለአዋቂዎች የሚሆን የማሰብ ችሎታ መለኪያ አወጣ፣ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ደግሞ አሌክሳንደር ሉሪያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጭንቅላታቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን እያከመ ትልቅ እውቀት ሰበሰበ። ሉሪያ ከዛ በፊት በ1931 እና 1932 ወደ ኡዝቤኪስታን ሄዶ ፊደል ላልቆጠሩ ገበሬዎች እንዲህ የሚል ጥያቄ አቅርቦ ነበር፦ በሩቅ ሰሜን በረዶ ባለበት አገር ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፣ እንትን የሚባለው ቦታ ደግሞ እዛው ሰሜን ነው፣ የዛ ድብ ቀለሙ ምንድነው? ከተጠየቁት ውስጥ እኛ ያላየነውን አናወራም ብለው የመለሱ ነበሩ። ይሄ የማሰብ ጉድለት ሳይሆን ትምህርት ቤት የሚያስለምደውን የጥያቄ ዓይነት አለመልመድ ነው፤ የገጠር አያቶቻችንም ተመሳሳይ ጥያቄ ቢቀርብላቸው ብዙዎቹ እንደዛው እንደሚመልሱ የምናውቀው ነው። እስራኤል ውስጥም ሮይቨን ፎየርሽታይን ሰው አሁን ከሚያውቀው ይልቅ ሲማር እንዴት እንደሚለወጥ የሚያይ አካሄድ አዳብሮ ነበር፣ ከኢትዮጵያ በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ተማሪዎች ላይም ተሰርቶበታል፣ ምን ያህል አስተማማኝ መለኪያ ነው በሚለው ላይ ግን ባለሙያዎች አልተስማሙም።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። የመርሳት ችግር ሲጠረጠር ከሚሰጡት የታወቁ ቴስቶች አንዱ ሰዓት መሳል ነው፦ ክብ ስሩ፣ ቁጥሮቹን አስገቡ፣ ቆጣሪዎቹን የተባለው ሰዓት ላይ አድርጉ። ለምሳሌ 4 ሰዓት ከ20 ቢባልና አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ቢያስተላልፈው በኛ አቆጣጠር እድሜ ልካቸውን የኖሩ አባት ትንሹን ቆጣሪ 10 ላይ ያደርጉታል፣ ምክንያቱም አገር ቤት ጠዋት 4 ሰዓት ከ20 ሲባል ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት የሚያሳየው እሱን ነው። በሳቸው ዓለም ልክ ናቸው፣ ነገሩን ለማያውቅ ፈታኝ ግን ትልቅ ስህተት ነው። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ ዓመቱስ ሲባልም ያው ነው፣ በ7 ወይም 8 ዓመት የሚያንስ መልስ ይሰጣሉ፣ ወሩን መስከረም ይላሉ፣ የጳጉሜ ሰሞን ከሆነ ደግሞ በፈረንጅ ካላንደር የሌለ ወር ይጠራሉ። መፍትሄው ቀኑን በፈረንጅ አስጠንቶ መላክ አይደለም፣ እንደዛ ማድረግ ምርመራውን ያበላሻል። በኢንተርቪው ላይ ቤተሰቡ አባታችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚኖሩት ብሎ መናገር ነው ያለበት፣ ከተቻለ በጽሁፍ።

እድሜም እንደዛው። ውጤት የሚታየው ከእድሜ እኩያ ጋር ተነጻጽሮ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈላቸው፣ ትክክለኛ እድሜያቸው ከወረቀቱ የሚበልጥ ብዙ ናቸው። ወረቀቱ 70 የሚል እውነቱ 78 የሆነ ሰው ከታናናሾቹ ጋር ስለሚወዳደር ከሆነው በላይ የታመመ ይመስላል። ትምህርትን በተመለከተ ፎርሙ ስንት ዓመት ተማሩ ብሎ ይጠይቃል፣ ቤተሰቡ 0 ብሎ ይሞላል፣ ግን እኚህ ሰው ዳዊት ደግመው ይሆናል፣ ቅኔ ቤት ገብተው ወይም ቁርአን ቀርተው ይሆናል፣ ወይም በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ ለምደው ይሆናል። ይሄ ሁሉ መጻፍ አለበት። የሰሩትን ሥራም ጨምሩ፣ በቃል ሂሳብ ሱቅ ሲያስተዳድሩ የኖሩ እናት ዛሬ መልስ መቁጠር ካቃታቸው ለባለሙያው ትልቅ መረጃ ነው። እርጅና ነው፣ ጃጁ ብሎ ማለፍ ብዙ ቤት የተለመደ ነው፣ እባካችሁ እንዲህ ያለውን ለውጥ አትደብቁ።

አስተርጓሚ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ ብዙ ነገር የሚወሰነው እዚህ ጋ ስለሆነ። ከፌዴራል መንግስት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ክሊኒክ፣ ሜዲኬር ሜዲኬይድ የሚቀበሉት ሁሉ ማለት ነው፣ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በኦባማኬር ክፍል 1557 መሰረት ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። በ2000 የወጣው የቋንቋ ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ በ2025 ተሽሯል፣ ሁለቱ ሕጎች ግን በኮንግረስ የወጡ ስለሆኑ እንዳሉ ናቸው። ዲሲ ደግሞ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ ያወጣች ከተማ ናት፣ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው፣ ይሄ በማኅበረሰባችን ብዛትና ትጋት የመጣ ነው። ከሕክምና አስተርጓሚዎቻችን ውስጥ በሀገር አቀፍ ደረጃ ተፈትነው ሰርተፊኬት የያዙ አሉ፣ ሥራቸው ቋንቋ የሚችል ሰው ሁሉ የሚሰራው አይደለም። በዚህ ምርመራ ላይ አስተርጓሚ ተመርማሪውን በመልሱ አይረዳም፣ ፍንጭ አይሰጥም፣ ጥያቄውን በራሱ አያቀልም፣ ግን አንድ ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲገባ ሌላ ነገር ከሆነ ለባለሙያው ቆም ብሎ ይናገራል፣ ለምሳሌ በዚህ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ጥሩ ሲባል ፈ ብቻ ነው ወይስ እስከ ፎ ያለው ሁሉ?

ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ወዲያው አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በስልክ ሳይሆን በአካል በሉ፣ ቀኑን ሙሉ ያው አንድ ሰው ይሁን በሉ። በተለይ ለሽማግሌና ጆሮው ለደከመ ሰው የስልክ ማስተርጎም ለዚህ ሥራ አይመችም ባይ ነኝ። ቤት የሚወራው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ከሆነም እሱን ጠይቁ፣ አማርኛ ይገባቸዋል ተብሎ አይታለፍ። አስተርጓሚው የሰፈር ወይም የቤተክርስቲያን ሰው ሆኖ ከተገኘ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ካልተመቻችሁ ግን ሌላ መጠየቅ ትችላላችሁ። ልጆች ለእናታቸው እንዲያስተረጉሙ ማድረግ አይገባም፤ ልጅ እናቱ ስትሳሳት ማየት ስለሚከብደው ሳያውቀው ያርምላታል።

የቀረው ዝግጅት ቀላል ነው። ኢንሹራንሱ ቅድመ ፈቃድ ይፈልግ እንደሆነ ደውላችሁ አረጋግጡ። የመድኃኒት ዝርዝር ከነመጠኑ፣ የኤምአርአይ ሪፖርት፣ የድሮ ምርመራ ካለ እሱን፣ መነጽርና የጆሮ መሣሪያ ያዙ። ምርመራው ከጥቂት ሰዓታት እስከ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ እረፍት አለው፣ ምሳ ቋጥሩ። ቡና የለመደ እንደወትሮው ይጠጣ። መድኃኒት ሐኪም ሳይጠየቅ አይቆምም፣ ጸበል ስለጀመሩ ያቆሙት ካለም ሳትፈሩ ተናገሩ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ላይ የሚጾም ሰው ከቻለ ቀጠሮውን ያሻግር፣ በባዶ ሆድ በኛ አቆጣጠር እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተቀምጦ የሚሰራ ቴስት የሚለካው ረሃቡን ጭምር ነው። ቴስቶቹን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ መለማመድ ውጤቱን ዋጋ ያሳጣዋል። ጥያቄዎቹ እየከበዱ እንዲሄዱ ተደርገው የተሰሩ ናቸው፣ ሁሉንም መመለስ አይጠበቅም፣ ሙሉ ጥረት ማድረግ ግን ይጠበቃል።

ለልጆች ትምህርት ቤቱ በነፃ የሚያደርገው ምርመራም አለ፣ ወላጅ በጽሁፍ መጠየቅ ይችላል። የፌዴራሉ ሕግ ወላጅ ከፈቀደ በኋላ 60 ቀን ይላል፣ ቨርጂኒያ በራሷ 65 የሥራ ቀን ትሰጣለች። ውጤቱ ካላሳመናችሁ በመንግስት ወጪ ገለልተኛ ምርመራ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ትምህርት ቤቱ ወይ ይከፍላል ወይ ጉዳዩን በይፋ ይከራከራል። ሪፖርት ካርዶችንና የአይኢፒ (ለልጁ የተዘጋጀ የልዩ ትምህርት እቅድ) ወረቀት ካለ አምጡ።

ከዜግነት ፈተና ነፃ መሆን የሚያስችለው ኤን 648 ፎርም የተለየ ጉዳይ ነው። ፎርሙን ሐኪም ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ሊሞላው ይችላል፣ ግን ቴስት መፈተን ብቻውን ፎርሙን አያስገኝም፣ ካሰባችሁት በመጀመሪያው ስልክ ላይ ጠይቁ።

ውጤቱ በእለቱ አይነገርም፣ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይወስዳል። ለውጤት ቀጠሮውም አስተርጓሚ እንደገና መጠየቅ አለበት፣ በራሱ አይመጣም። የሪፖርቱን ኮፒ የማግኘት መብት አላችሁ፣ ሕጉ በ30 ቀን ውስጥ ይላል። ስታገኙት ምርመራው በአስተርጓሚ መሰራቱ፣ ቋንቋውና የትምህርት ታሪኩ መጻፉን እዩ፣ ከሌለ እንዲጨመር ጠይቁ፣ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ምርመራው ሲደገም አዲሱ ባለሙያ የሚያነጻጽረው ከዚህኛው ወረቀት ጋር ነው።